መጀመሪያ ክኒንዎን

በቴኮማን ከተማ፣ ከአውቶቡሱ መቆሚያ፣
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትከፍታለች ኤውፍራሲያ፤
ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ጠረጴዛዋ አንካሳ፣
ከሥሩ ካርቶን ነው ደግፎት ያነሣ።
ባሕሩ ከወዲያ ነው፤ አይታይም፣ ይሸታል፤
ከባሕሩ ሽታ ግን የሎሚው ይበልጣል።
ካሚዮኑ ሲያልፍ ከእርሻ እየመጣ፣
አንድ ሁለት ፍሬ ከላዩ እየወጣ፣
አስፋልቱ ላይ ነጥሮ ይንከባለላል፤
የሠፈር ውሻ እንኳ አሽትቶት ያልፋል።

ሎሚ እዚህ ብርቅ አይደል፤ እንደ አፈር ነው፣ ሞልቷል፤
እጇ ሲገባ ግን እንቁላል ይሆናል፤
በመዳፏ ጫና ታንከባልለዋለች፣
ወገቡ እስኪላላ ታባብለዋለች፣
ያኔ በቢላዋ ትከፍለዋለች።

ቀድሞ የሚደርሰው ሾፌሩ ሲሪያኮ፣
ዓይኑ ደም መስሏል፣ ሌሊት አልተኛም እኮ።
ውሃ፣ ቁንጥር ጨው፣ ሁለት ሎሚ፣ በረዶ፤
በላብ የሄደውን ይተካዋል ወርዶ።
ከማሸጊያው ደግሞ ሴቶቹ ይመጣሉ፤
ሎሚ ሲለዩ አድረው ሎሚ ይጠጣሉ!
«አረንጓዴውን» ሲሏት፣ ቁልቋሉን፣ ኪያሩን፣
ቆስጣውን ፈጭታ፣ ጣል አርጋ አናናሱን፣
ሎሚውን በመጨረሻ ትጨምቅበታለች፤
ነርሷ የነገረቻትን ትነግራቸዋለች፦
«ቆስጣ ብረት አለው፣ ግን ዓይን አፋር ብረት፤
ደም ቤት አይገባም በር ሳያንኳኩለት፤
ሎሚው ነው አንኳኪው፣ እሱ ነው ከፋቹ!»
ይስቃሉ፣ ፊታቸው የገረጣ ሴቶቹ።

ፖም ተፈጭቶ ሲቆይ ይጠቁራል በአየሩ፤
ሎሚ ጠብ ካለበት አይጠፋም ማማሩ።
ፓፓያ ለብቻው እንቅልፋም ነው ጣዕሙ፤
ሎሚ ሲነካው ግን ብድግ ይላል ከሕልሙ፤
ስኳር አያሻውም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣
ለሃምሳ ሰው ጌጡ፣ እንላለን እኛ።
ኤውፍራሲያ ይህን አልሰማችም፤ በእሷ ቋንቋ የለም።
ግን በየማለዳው ሃምሳውን ብቻዋን ትሸከማለች፣
ለሃምሳ ሰው በብርጭቆ ታድላለች።
ጌጡ ለጠጪው ነው።
ሸክሙስ የት ሄደ?
እጇን ተመልከቱ፦
የሎሚ ውሃ የነካው ቆዳ ፀሐይ ስታየው ይቆጣል፣
ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፣
ቡናማ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል፤
ከአንጓዋ እስከ ጣቷ ማንም ያልሳለው ካርታ፣
ወንዙ የት እንደሚፈስ የማይታወቅ።

ዋርሳዋ ካሲሚሮ ጠመኔ አንሥቶ፣
ሰሌዳዋ ላይ ጻፈ፣ ፊደሉን አስፍቶ፦
«ሎሚ፦ ስኳር፣ ግፊት፣ ካንሰር ያድናል!»
«እንዲህ ካልጻፍሽ» አላት፣ «ማን ገዢ ይመጣል?»
መልስ አልሰጠችውም። የተጨመቀ ልጣጭ አነሣች፣
አሸት አሸት አድርጋ ሰሌዳውን ጠረገች፤
«ጥም ይቆርጣል» ብላ ጻፈችበት።

ግን ጽሑፉ አንድ ቀን አድሮ ነበር፤
ዶን ፊሌሞን አይተውት ነበር።
«ሎሚ ብቻ ስጪኝ» አሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፤
«የስኳሩን ክኒን ተውኩት። ይሄ እያለ እሱ ምን ሊያደርግ?»
ቢላዋዋ የሎሚው ወገብ ላይ ቆመ።

«ዶን ፊሌሞን፣ ሎሚ ጎረቤት ነው፤
ደጅ ይጠርግልዎታል፣ ውሃ ይቀዳልዎታል፤
ጣሪያዎ ሲቃጠል ግን ጎረቤት ብቻውን አያጠፋም።
መጀመሪያ ክኒንዎን።»

ሽማግሌው አኮረፉ። ወደ መንገዱ ዞሩ።
የሲሪያኮ አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ፤
ማንም አልተሳፈረ።
እሷም ሎሚውን አልቆረጠች።

ከሸሚዛቸው ኪስ፣ ከማሃረብ ጥቅል፣
ነጭ ክኒን ወጣ፦
ተውኩት ያሉት፣ ለካ ከደረታቸው አልተለየም።
በውሃ ዋጡት። ያኔ ቢላዋው ወረደ።
«ሲጨርሱ ደግሞ አፍዎን ይጉመጥመጡ፤
ጥርስ ሎሚ አይወድም» አለቻቸው።
«ሦስት ጥርስ ነው የቀረኝ» አሉ።
«እንግዲያው ለሦስቱ።»

ፀሐይ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነካች።
ሳሙናው ከባልዲው አጠገብ ነው፤
እጇን ልትታጠብ ዘወር ስትል
«አረንጓዴውን!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ፤
ተመለሰች፣
ሃምሳ አንደኛውን ሎሚ አንሥታ በመዳፏ ታሸው ጀመር።