በ«ኤፍ» ተራ

የሌሊት ፈረቃዬን፣ የሽማግሌዎቹን ክኒን ቆጥሬ አስረክቤ፣
ኮሌጅ ፓርክ ደረስሁ፣ መስኮት ከፍቼ እንቅልፌን በብርድ ደብድቤ።
በሩ ላይ ካፖርቴን ተቀበሉኝ፣ ቦርሳዬንም፣ እስክሪብቶዬንም፤
እርሳስ ብቻ ይፈቀዳል፤ ሙታን አጠገብ ቀለም አይታመንም።
ዘበኛዋ መታወቂያዬን አነበበች፦ «ሚስ ዋርዶፋ»፣
አንድ ፊደል ሳትሰብር፣ አንድ ፊደል ሳታጠፋ።

ወንድሜ ነው የላከኝ፣ ከዴንቨር። ባለመስታወት ሣጥን አሠርቷል፣
ውስጡን ሰማያዊ ከፈይ አልብሶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሏል።
መሐሉ ላይ የአባባ ሜዳይ፤ ለዘማች ሁሉ የታደለች፣ ያቺው አንዷ፣
ከኮሪያ አሰላ፣ ከአሰላ ዴንቨር የረዘመ መንገዷ።
ከጎኗ ባዶ ቦታ ትቷል፣ የጥርስ ወላቃ የመሰለ።
«ሌላም ነበረው» ይላል፣ «ብቻውን መትረየስ ማርኮ የለ!
ፈልጊ፤ አሜሪካ ወረቀት አትጥልም፤ አንድ ቦታ አለ።»

አባባ አንዲት ቃል አልነገረን፤ እኛው ነን ለጎረቤት ያወራነው፤
እሱ ዝም አለ፤ ዝምታውን እኛ በጥይት ሞላነው።

ሦስት ቀን ፈለግሁት።
በደብልዩ ፈለግሁት፣ በቪ፣ በቢም፣ ቡልቶ ብዬ፣
ግራጫ ካርቶን ከጋሪ እያወረድሁ፣ ቅጠል በቅጠል ገልጬ።
የጠፋ ካልሲ ቁጥር አገኘሁ፣ የሩዝ ኩንታል፣
የአንድ ሻለቃ የጥርስ ሕመም፤
የአባቴ ስም ግን የለም።

በአራተኛው ቀን፣ በ«ኤፍ» ተራ፣
ከኤቫንስ በታች፣ ከፋረል በላይ፣ በደበዘዘ ታይፕ፦
«ፋ፣ ዋርድ ኦ.»
ሳቄ አመለጠኝ። አንድ አዛውንት ከማጉያቸው ቀና አሉ።
አባቴን ሦስት ቦታ ከትፈው አየርላንዳዊ አድርገውታል።
ከዚያ አነበብሁ፤ ሳቁም ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

መትረየስ የለም።
ቁጥር እንጂ ስም የሌለው ኮረብታ፤ ሌሊት፤ መድፍ፤
ከምሽጉ ወደ ኋላ የተዘረጋ የስልክ ሽቦ።
«መስመሩ ሰባት ጊዜ ተቆረጠ፤
ሰባት ጊዜ በደረቱ ተስቦ ሄዶ ቀጠለ።
ፒንሳው ከእጁ ሲጠፋ
በጥርሱ እየላጠ ቀጠለ።»

አሰላ፣ ስልካችን ዝም ባለ ቁጥር፣
ዶፍ ቢጥል፣ ቢጨልም፣
በፒጃማው ወጥቶ ሽቦውን በመዳፉ እየዳበሰ
እስከ ምሰሶው ይሄድ ነበር፣ ከላይ እስከ ታች እየራሰ።
«የቴሌ ሰው ይምጣ እንጂ!» ትለዋለች እናቴ በሩ ላይ ቆማ፤
«የሚጠብቅ ሰው አለ» ይላታል፣ ከጨለማ።

ሁለተኛው ወረቀት አጭር ነው።
የነሐስ ኮከብ ይገባዋል ተብሎ ተልኮ ነበር፤
በማኅተም ተመልሷል፦
«ዋርድ ኦ. ፋ የተባለ ወታደር አልተገኘም።»

ተነሣሁ። ለመዝገብ ቤቷ ሴትዮ
መታወቂያዬን ከወረቀቱ ጎን አስቀመጥሁላት።
አንዱን አየች፤ ሌላውን አየች፤
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።
በትንሽ ጣቷ ነጥቧን ሸፈነች፤ ክፍተቱን ዘለለች፤
እንደ ስም ጠሪ፣ ቀስ ብላ፣
«ዋርዶፋ» አለች።
«አቤት» አልሁ፣ ሳላስበው፣ በአማርኛ።

ማታ ወንድሜ ደወለ።
«አገኘሽ? ስንት ገደለ?»
«ሰባት።»
ከዴንቨር ፉጨት ተሰማ።
«ሰባት ጊዜ ቀጠለ» አልሁት። «ሽቦ። በጥርሱ ጭምር።»
ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለ።
«ሃሎ? አለህ?»

«እኔን እኮ» አለ፣
«ጠርሙስ ስከፍት ነው የተሸረፈው ብሎኝ ነበር።»