የሁለት ዲግሪ ስሕተት

ወይዘሮ ኪንታና ከቅበላ ቢሮ
አሥራ ስምንት ፋይል አመጣች ዘንድሮ፤
«ነጥቡን እኛ አየነው፣ ሁሉም ሙሉ ናቸው፤
ሰዎቹን ግን እስቲ አንተ እያቸው»
ብላ አስቀምጣ ሄደች፣ ካልታረመው ፈተና አናት፤
ውጭ የካሊፎርኒያ ካፊያ የሎሚዋን ዛፍ ሲመታት።

የእኔ ሥራ ሌላ ነው፤ ምድር ስትንቀጠቀጥ
መርፌዋን ተከትሎ ከየት እንደተነሣች መግለጥ፤
የዓለትን ቋንቋ እንጂ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ
ልብ የሚያነብ መሣሪያ አልሠራሁም በዚህ እጅ።
ግን የዚህ ተቋም ደንብ ነው የቆየ፤
መስከረም ላይ የሚያስተምር፣ የካቲት ላይ ፋይል እያየ
«ይህ ይግባ፣ ያ ይቅር» ብሎ ይፈርም ይላል፤
ዘሩን የመረጠ አረሙን ይችላል።

ኮርትላንድ ይባላል የመጀመሪያው ልጅ፤
ሜዳሊያው አሥራ አንድ፣ በጋውን ያሳለፈው ካባቱ ወዳጅ ደጅ፣
በትልቅ ላቦራቶሪ። ድርሰቱ የሆቴል አንሶላ፣
ሰው ተኝቶበት የማያውቅ፣ የተዘረጋ ለሌላ።
ሁለቴ አነበብኩት፤ ልጁን ፈለግሁ በየመስመሩ፤
ያገኘሁት ተከፋይ አራሚ ነው፣ ተደብቆ ከየሰረዙ ሥሩ።

አምስተኛው፣ ዘጠነኛው... ሻዬ ቀዘቀዘ፤
አንዷ የአጎቷን ካንሰር፣ አንዱ ጥቁር ቀዳዳን ይዞ ተጓዘ።
ሁሉም «ከልጅነቴ ጀምሮ» ባይ፣ ሁሉም ሕልመኛ፣
ብሩህ ሁሉም። እኔ ደከመኝ፤ ልሄድ ነበር ልተኛ።

ከዚያ አሥራ አራተኛው።

ሶልቬይ ትቬይት። ሰሜን ሚኒሶታ፣ የሐይቅ ዳር መንደር፤
አባቷ የአውራጃውን መንገድ በረዶ ሲጠርግ የሚያድር።
ኬሚስትሪ «ቢ» ናት። ሜዳሊያ የለም። ክበብ የለም።
በትምህርት ቤቷ ፊዚክስ የሚያስተምር የለም።
ሦስት የበረዶ ክረምት፣ ከአውቶቡሱ ቀድማ፣
ሐይቁን እየበሳች በዚያ በጨለማ፣
የበረዶውን ውፍረት፣ የውሃውን ሙቀት ለክታ፣
አራት መቶ አሥራ ሁለት ማለዳ በደብተር ውስጥ ከትታ፣
ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ በተንጋደደ እጅ ጽሑፍ፦

«የመጀመሪያው ዓመት ቴርሞሜትሬ ይዋሻል፤
ሁለት ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጎ ያሳያል።
ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ቁጥሮቹን አላጠፋኋቸውም፤
ስሕተቱን ከጎን ጻፍኩ፤ ያየሁትን አላየሁም አልልም።»

ተነሣሁ ከወንበሬ።
መስኮቱን ከፈትኩ፤ ካፊያው ነካኝ እጄን፤
በአርባ ዓመት ሥራዬ ስንቴ ይሆን የሸሸግሁት ስሕተቴን?

ሐሙስ ተሰበሰብን፤ ስምንት ሰው፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ።
የቀረው ቦታ አንድ። ፕራቲማ ሰንዳራም፣ ኬሚስቷ፣ ብርቱካን እየላጠች በለዛ
«‹ቢ› ያመጣችው በኔ ትምህርት ነው፤ ትሰምጣለች» አለች፤
«ያለ ፊዚክስ መጥታ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ታለቅሳለች።
ምሕረት መስሎህ ጭካኔ እንዳይሆን።» እውነቷን ነበር።
ዝም አልኩ። ከዚያ ስለ ሁለቱ ዲግሪ አወራሁ፣ ድምፄ ሲደናገር፦
«ሐይቅ ማንም ይለካል፤ መለኪያውን የለካ ስንቱ ነው?»
አምስት ለሦስት ሆነ። እሷ ገባች፤ ኮርትላንድን «ይቅር» ብለን ጻፍነው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
እኔም የመንደር ልጅ ነኝ፣ ከዓሣ ፋብሪካ ጎን ያደግሁ፤
አንድ ፕሮፌሰር፣ ሳያውቀኝ፣ ስሜን በእርሳስ ከብቦ መረጠኝ፤
በእሷ ውስጥ ራሴን አይቼ እንደሆነስ የወደድሁ?
ያ ኮርትላንድስ፣ ምናልባት ከአንሶላው ሥር
ትንፋሹን ውጦ ተኝቶ ነበር፣ የሚገልጠው ሲጠብቅ ሲያድር።
ማን ያውቃል። ሚዛን ራሱን አይመዝንም፤
የኔ መለኪያ ስንት ዲግሪ እንደሚዋሽ አላውቅም።

መብራት አበራሁ። ፋይሉን ከቦርሳዬ አወጣሁ።
ከፊርማዬ ጎን፣ በትንሽ ፊደል፣
ወይዘሮ ኪንታና ታንብበው አታንብበው፣ ጻፍኩ፦
«አንባቢው ከዓሣ ፋብሪካ ጎን ነው ያደገው፤
ወደዚያው ያጋድላል። ምናልባት ሁለት ዲግሪ። የሚያነብ ይቀንሰው።»