አራተኛው እጅ

ደብረ ሲና ቆሞ አውቶብሱ ሲያጓራ፣
ቆሎዬን ሰፈርኩኝ ለአራት እጅ በተራ፤
አንዱ ባለ ቀለበት፣ አንዱ እንሶስላ የሞቀ፣
አንዱ ቀይ ሹራብ፣ ክርኑ ላይ ያለቀ፣
አንዱ ደግሞ…

አራቱን በዓይኔ እንደ እንቁላል ይዤ
ቆምኩ፣ ትንፋሼን ውጬ።

ትርንጎ ከኋላ «አንቺ!» ብላ ጠራችኝ።
ዞር አልኩ።
ረዳቱ በሩን መታ፦ «ሳበው!»

ስመለስ ሦስት እጅ ከፈለኝ።
አራተኛውስ?
የቱ መስኮት ነበር? ወንድ ነው? ሴት?
ጣርማ በር ላይ ጉም አውቶብሱን ዋጠው፤
ከነጎማው ረገምኩት።

«ምን ልትይኝ ነበር?» አልኳት ትርንጎን።
«እንጃ፣ ጠፋኝ» አለች።

ያኔ ነው ግራ ጭብጤን የፈታሁት፦
ላብ ያራሰው አስር ብር፣
ከሁሉ ቀድሞ የተከፈለኝ።
የከፈለኝ እጅ ግን
እስከ ዛሬ አልታየኝም።