ውኃ ማጠጣት

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ። መብራት ሄዶ መሽቷል፤
የልጄ ደብተር ሻማ ፊት ተከፍቶ ይጠብቀኛል።
ቀይ እስክሪብቶ፣ የመምህርቷ እጅ፦
«ሚልኪያስ ዛሬም ልጅ ነክሷል።
ወላጅ ይምከር፣ ይፈርም።»
ፈረምኩ። ምን እንደምመክር ግን አላውቅም።

ለሳኝ ነኝ፤ ኖራና ሲሚንቶ እጄን የበላው።
ምክር ሲሉኝ ትዝ የሚለኝ አባቴ እኔን የመከረው፦
በርበሬ ፍም ላይ ተነስንሶ፣ ብርድ ልብስ ከላይ ደፍተውብኝ፣
«ዳግመኛ?» ሲሉኝ «አይለምደኝም!» ስል ትንፋሽ እያጠረኝ።
«ሰው አደረገኝ» እላለሁ፣ ሲጠይቁኝ፣ በኩራት፤
ሌሊት ግን ሳል ያነቃኛል፣ ጭስ በሌለበት ቤት።

ቀበቶው ከበሩ ኋላ፣ ምስማር ላይ ነው የሚውለው።
ልጁን ጠራሁት።
አልሮጠም። አልጋ ሥር አልገባም።
«አይለምደኝም» አላለም።
በርጩማ ጎትቶ፣ ወጥቶ፣ ከምስማሩ አወረደና
በሁለት እጁ አቀበለኝ፣
እንግዳ እንደሚያስታጥብ ልጅ ጎንበስ አለና፦
«ይኸው፣ አባ።»

ስድስት ዓመቱ ነው።
ማን አስተማረው?
እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለ?

ቀበቶው እጄ ላይ ቀረ። ከበደኝ? ቀለለኝ? እንጃ።
ወጥቼ ተቀመጥኩ፣ ጎረቤት በሚያልፍበት ደረጃ።
ውብእርስት ሻማዋን ይዛ ከኋላዬ ብቅ አለች፤
ምንም አልተናገረችኝ፣ ልጁን ብቻ ወደ እኔ ገፋ አደረገች።

ጨለማ ነው፤ ፊት ለፊት አይተያይም ሰው።
ለካ አንዳንድ ነገር የሚወጣው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።
«ለምን?» አላልኩትም፤ «ለምን»ን ሺህ ጊዜ ብዬው ነበር።
«ጥርስህን አሞህ ነው?» አልኩት፣ እንጃ ከየት እንደመጣልኝ ነገር።
ዝም አለ። ከታች ባጃጅ አለፈ። ባዶ ጀሪካን ተንከባለለ።
ከዚያ ጣቴ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ በጥፍሩ እየላጠ፣ እንዲህ አለ፦

«ናሆም 'አባት የለህም' አለኝ።
'አለኝ' አልኩት። 'አሳየኝ' አለኝ።
አንተ በጨለማ ትወጣለህ፤ ስትመጣ ተኝቼ ነው።
ምኑን ላሳየው?»

ለሰው ቤት ስለስን አውቀዋለሁ፤ ልስን ጥድፊያ አይወድም፣
ጠዋት ማታ ውኃ ካልጠጣ፣ ቀጥ ብሎ ቢቆምም አይጠነክርም።
መጀመሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ናት፤ ማንም አያያት፣
ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲያፈስ ነው ፎርማኑ የሚጮህላት።
ታዲያ በዚህ ሁሉ ዘመን
ስንጥቅን በመዶሻ የመታ ለሳኝ አላየሁም፤
ከራሴ በቀር።

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ይባላል፤
ከነጥርሱስ?

ያን ማታ ብዙ አላወራንም።
መብራት መጣ፤ ብሎኩ በሙሉ በፉጨት በጩኸት ተናጋ፣
ሚልኪያስ ግን አልሰማም፤ ጭኔ ላይ እንደተኛ ነጋ
ማለት እንኳ ይበዛል፤ እግሬ ደንዝዞ ተሸክሜው ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ?
ቀበቶው ሱሪዬ ላይ ነው፤ ሱሪ ይይዛል።
እሑድን ለማንም አልሰጥም ብዬ ምዬ ነበር፤
ሁለቱን ሰጠሁ። ኪራይ አለ።
ግን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጫማዬን ሳላስር፣
«ቀስቅሰኝ» ስላለ እቀሰቅሰዋለሁ።
ዓይኑን ሳይገልጥ አገጬን ይዳስሳል፣
«አለህ» ይላል፤
ተመልሶ ይተኛል።

ትናንት ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ፦ «ሚልኪያስ ልጅ ገፍትሯል።»
ውብእርስት ሳቀች፦ «ከመንከስስ መገፍተር ይሻላል።»
እኔ ሳልስቅ ፈረምኩ።
ደብተሩን ከመግለጤ በፊት ግን፣
እንቅልፉን እየታገለ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጠብቆኝ፣
ራሱ ነበር የነገረኝ።