ተራ አስከባሪ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ሊፍቱ በቆመበት ፎቅ፣
አሥራ ሁለት ቢሮ ባንድ ዋይፋይ ይኖራል፤
እኩል ይከፍላሉ፣ ስምንት ስምንት መቶ፤
እኩል ግን አይደርስም፤ ሁሉም ያማርራል።

"ኔትወርኩ ሞቷል፣ ና" ብለው ደወሉልኝ።
መሰላል ተሸክሜ ደረጃውን ወጣሁ፤
ነጯን ሳጥን በእጄ ዳበስኳት፣ ትሞቃለች፤
እንኳን ልትሞት ቀርቶ ሲያልባት አገኘሁ።

እኔ በፊት በፊት
ለገሃር ላይ ነበርኩ፣ ተራ አስከባሪ፤
በአንገቴ ፊሽካ፣ በእጄ ቁራጭ ቱቦ፣
ከጋፊው ጋር ታጋይ፣ ለዘገየ ጠሪ።
ጉልበት ያለው ሲገባ፣ ያረገዘች ስትቀር፣
ሰልፍ እንዴት እንደሚታመም ከዚያ ነው የተማርኩ።
ስለዚህ ኮምፒውተር ሳልከፍት መጀመሪያ
ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አደመጥኩ።

ሕጉን ልንገራችሁ። አየር አንድ ጎዳና ነው፤
ሁለት ካወሩበት የሁለቱም ይጠፋል።
ስለዚህ ማንኛውም መናገር የፈለገ
አስቀድሞ ዝም ብሎ፣ ጆሮ ጥሎ ያርፋል።
ጸጥ ሲል ደግሞ እንደ እቁብ እጣ ይወጣል፦
ሦስት የደረሰው ሦስት ቆጥሮ ይገባል፣
ዘጠኝ የደረሰው ዘጠኝ።
ደግ ሕግ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ሰው ይመስላል።
የተጋጩ ለት ግን ቅጣቱ እጥፍ ነው፦
አንዴ ለወደቀ የእጣው ቁጥር ይበዛል፣
ዳግም ለወደቀ እንደገና ይታጠፋል፤
የቆመው ሲሮጥ፣ የወደቀው ይቆጥራል።

የሙኒራ ክፍል የኮሪደሩ ጫፍ ነው፣
ከሁለት ግድግዳ ወዲያ፣ ከመታጠቢያው ጎን።
ሰነድ ትተረጉማለች። የዛሬ ሳምንት ማክሰኞ
ጨረታ ነበራት፣ የሚዘጋ ልክ አሥራ አንድ ሲሆን።
አሥር ሰዓት ከሩብ "ላክ" የሚለውን ነካች።
ክቧ ዞረች። ዞረች። ሻይዋ በረደ።
አሥራ አንድ ከሁለት ላይ "ተልኳል" አላት፤
ጨረታው ግን ሄደ።

በዚያች ሰዓት ቃለአብ፣ ሳጥኗ በሩ ላይ የተሰቀለችለት፣
የሰርግ ፊልም ይልካል፤ ሙሽራው ኬክ ያጎርሳል።
ክፉ ሰው አይደለም። አልሰማትም እንጂ፤
ከግድግዳው ወዲህ አየሩ ባዶ ይመስለዋል።
እሷም ባዶ መስሏት አፏን ስትከፍት
ሳጥኗ ጆሮ ላይ ሁለቱ ይላተማሉ፤
የቅርቡ ድምፅ ያልፋል። የሩቋ ትወድቃለች።
"ኔትወርክ ነው" ይላሉ።

አቶ ጉዲሳ ደግሞ፣ ሦስተኛው በር፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣
ኮምፒውተራቸው አርጅቶ ይንተባተባል፤
ተራቸው አንድ ቃል ነው፣ እንደ ማንም ሰው፤
ቃሏ እስክታልቅ ግን ፎቁ ያዛጋል።
እኔም አንድ አንድ ቃል ማደል ፍትሕ መስሎኝ ነበር፤
በደቂቃ እንጂ በቃል አይለካም ለካ።
ሳጥኗን ነቅዬ ኮሪደሩ መሀል ሰቀልኳት፤
ለእያንዳንዱ እኩል ደቂቃ፣ ሲሞላ ፊሽካ።
ደግሞ ሳይናገሩ በፊት "ልናገር?" እንዲሉ፤
እሷም ጮክ ብላ "የሙኒራ ተራ" ትላለች፤
ቃለአብ ሙኒራን ባይሰማም ሳጥኗን ይሰማል፤
መሀል የቆመች ለሁሉም ትሰማለች።

በማግስቱ ቃለአብ ደወለ፦ "ምን አረግከው?
በሃያ ደቂቃ የሚያልቀው አሁን ሠላሳ ፈጀብኝ!"
"አሥሩ የሰው ነበር" የሚል አፌ ላይ መጣ፤
ዋጥኩት፤ የቀረው ክፍያ በእሱ እጅ ነው የሚደርሰኝ።

ሙኒራ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ፦
"ያለፈውን ማክሰኞስ?"
መሰላሉን አጠፍኩ።
ሳጥኗ ላይ ብዙ ቁልፍ አለ፤ እሱ የለም።

ሲመሽ ለገሃር ወረድኩ። ያካፋል፤ ሰልፉ ጥጉን ዞሯል።
ከረባት ያሰረ አንዱ በጎን ገብቶ ተቀመጠ፤
ፊሽካ የያዘው ልጅ ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠ።
አርባ ሦስተኛ ነኝ።
በልቤ መቁጠር ጀመርኩ፤
ስንት ላይ እንደደረስኩ ጠፋኝ፣ እንደገና ጀመርኩ።