«ሌላ» የሚለው ዓምድ

ሉድቪና በኢሎኢሎ፣ በሯን ከውስጥ ዘግታ፣
ሁለት ሺህ ጥናት ትለቅማለች፣ እንደ ምስር ዘርግታ።
ይህኛው «ፍርሃት» ይላል፣ ያኛው «እምነት»፤
አንዱ፣ የሐሰት ወሬ በስንት ሰዓት
ደሴት ለደሴት እንደ ዞረ ያሰላል፤
«ጭምብል» የሚለው ቃል
ከሚያዝያ ወዲህ ሽቅብ ይወጣል፤
«ሐዘን» ግን ከግራፉ ግርጌ
ቀጥ ብሎ ተኝቷል።

ከታች፣ ሰው በራቀው መንገድ፣
ዓሣ ሻጩ ክሪሳንቶ፣ በድምፅ ማጉያ ሲያንጎደጉድ፦
«ሰርዲን በመቶ ሃያ! ሳሙና ምርቃት!
የነርስ ቴሬሲታ ቃል ነው፣ ያሳለው ይቆይ በቤት፤
ቅርጫት በደጅ ይስቀል፣ እኔው ሞልቼ አልፋለሁ፤
ዕዳውን… ስትድኑ እቀበላለሁ።»

ማታ በመስኮት ብታይ፣ ሰባት በር ቅርጫት ሰቅሏል፤
በማግስቱ አሥራ አንድ ሆኗል።

ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አየች፤
ለቅርጫት የሚሆን ዓምድ አጣች።
«ሌላ» በሚለው ሥር አንዲት ጭረት ጫረች፣
መልሳም ሰረዘች።

ሌሊት እሷንም አሳላት።
ሲነጋጋ፣ ከጠረጴዛዋ ሥር
የወረቀት መጣያ ቅርጫቷን አነሣች፤
ገለበጠችው፣ አራገፈች፣
በር ከፍታ
ሰቀለች።