ለሥዕል ማን ይሸጣል?

ሂርማታ፣ ከቆርቆሮ ተራ ጀርባ፣
ዝናብ በጣለ ቁጥር በበሩ ሥር ውሃ ሲገባ፣
አራት ጆይስቲክ፤ የአንዱ ቁልፍ በማስቲካ የተጣበቀ፣
ሁለት ቴሌቪዥን፤ የአንዱ ጥግ በተሸናፊ ንዴት የተሰነጠቀ፤
ይኸው ነው ንብረቴ፣ ወንድሜ ሲሄድ የተወልኝ፣
«አንድ ጨዋታ አሥር ብር» ብዬ በጠመኔ የጻፍኩኝ።

ልጆቹ ኳሱን ያያሉ።
የእኔ ዓይኖች ግን፣ ሒሳብ ጠባቂ ስለሆንኩ ይሆናል፣
ወደ ሜዳው ጠርዝ፣ ወደ ሰሌዳው ይሸሻሉ።
ይዞራል፣ ያበራል፣ በማላውቀው ፊደል ይጮኻል፤
አሁን አውሮፕላን፣ አሁን ጎማ፣
አሁን ደግሞ አረፋው የሚፈስ ቢራ፣ ደርሶ የማያውቅ ጅማ።

«አዴ፣ ምን ይላል?» አለኝ ታጁ፣ ሰባት ነው ዓመቱ።
«ጎማ ግዙ ይላል።» «ለአባቴ ባጃጅ?» «አይገባም፤ ሌላ ነው ስፋቱ።»
«ታዲያ ለማን ነው?» ዝም አልኩት። ጎል ገባ፤ ረሳው።
ያ ጎማ ሌሊቱን ሲንከባለል ያደረው በእኔ ራስ ነው።

የስልኩ ደግሞ ይብሳል።
ወረፋ የሚጠብቁት አጎንብሰው ፊኛ ያፈነዳሉ፣
ሲሞቱ ስልኩ «ነፍስ ትሻለህ?» ይላል፤ «ሠላሳ ሰከንድ እይ!» ሲባሉ ያያሉ።
ዚክራ ብቻ፣ የዶሮ ነጋዴዋ ልጅ፣ ምላሷ ምላጭ፣
«በእኔ ጥቅል፣ በእኔ ባትሪ፣ ሳሙና ሊያሳየኝ!
ነፍስ እንዲህ ረክሳ!» ትልና
ስልኳን ጭኗ ላይ ደፍታ እስከ ሠላሳ ትቆጥራለች፣ ጮክ ብላ፣ ሰው እስኪሰለች።
ሪያድ አይከፋውም፤
«ጨዋታው በነጻ ነው፤ የሠራውስ ሰው ምን ይብላ?» ይላል።
ለዚህ መልስ አጣሁለት። እኔም እኮ የምበላው ከጨዋታ ነው።

ጎረቤቴ አባ ፊጣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይጠርባል፤
ይህን ሁሉ ሳወራለት መላጊያውን አቁሞ ሰምቶኛል።
በሳምንቱ ሳንቃ ይዞ መጣ፤ ቀለም የለው፣ በመሮ የተቀረጸ፦
«የአባ ፊጣ በርጩማ። አዌቱ ድልድይ ሳይደርሱ።»
«ከቴሌቪዥኑ በላይ ስቀዪልኝ፤ በወር መቶ ብር።»
ተቀበልኩ።
ሰሌዳ ስረግም የከረምኩት እኔው፣ ሚስማሩን መታሁ።
ዚክራ ቀና ብላ አየችው። «አንቺም?» አለችኝ። «አንቺም ሸጥሽን?»
ብሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ያልሰማ መስዬ ጠመኔ ፈለግኩ።

ቅዳሜ አባ ፊጣ ሰሌዳውን ሊያይ መጣ፤
ጥቂት ቆሞ ግን ዓይኑ ወደ ስክሪኑ ወረደ።
«ያ ሁሉ ተመልካች፣ ያ እጁን የሚያወናጭፈው፣ ሥዕል ነው?»
«ሥዕል ነው።»
«ኪስ የለው?»
«ከወገቡ በታች እንኳ አልሣሉትም።»
ሳቀ፤ የጥርቡ ብናኝ ከጢሙ ረገፈ።
«እና ለሥዕል ጎማ ማን ይሸጣል?»
ታጁ ነው የመለሰለት፣ ፊቱን ሳያዞር፣ አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ፤
«ለእኛ ነው እንጂ።»

ከዚያ መብራት ሄደ።
ሁለት ለሁለት፣ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ።
አውሮፕላኑ፣ ጎማው፣ ቢራው፣ ያ እግር አልባ ሕዝብ፣
ሁሉም ባንዴ ጠፋ፤ የቀረው የዝናቡ ድምፅ በቆርቆሮው ላይ።
በጨለማው አንድ ሰው ወንበር ላይ ወጣ፣
ጣት በእንጨት ላይ ሲሄድ ሰማሁ፤
«በር... ጩ... ማ» አለ ታጁ።
«የእኔኛው መብራት አይፈልግም!» አለ አባ ፊጣ፤ በድምፁ አወቅኩት፣ ደረቱን ነፍቷል።
«አሥር አሥር ብራችንን!» አለች ዚክራ።

ከመቶው ሃያ ዘርዝሬ መለስኩላቸው።
ሰማንያውን፣ መቼም አልዋሽም፣ አልመለስኩም።